ሳይቀባ የቀረው ሙስታንግ

ጉዳዩ የሁለት መኪኖች ነው። ሁለቱም የ1968 ሥሪት ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ሆዜ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጡ፤ ሁለቱም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቀለም ተቀቡ፤ በሁለቱም ኮፈን ሥር 390 ኪዩቢክ ኢንች የሆነ፣ 6.4 ሊትር ገደማ ማለት ነው፣ 325 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ተቀመጠ። የሻንሲ ቁጥራቸው ተከታታይ ነው፦ አንዱ በ558 ሌላው በ559 ያበቃል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋርነር ብራዘርስ በዚያው ዓመት ለእይታ ባቀረበው «ቡሊት» በተባለው ፊልም ላይ ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ጥቁር ዶጅ ቻርጀር የሚያሳድደው በእነዚህ ሁለት መኪኖች ነው። ትዕይንቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንዶች ነው የሚቀሩት። አሜሪካውያን መስል ካር የሚሏቸውን፣ በመካከለኛ ቦዲ ላይ ትልቅ ሞተር የተጫነባቸውን መኪኖች በዓለም ዙሪያ ካስተዋወቁት ነገሮች አንዱም እሱ ነው።

ፊልሙን ለፊልም ወዳጆች እንተወው። እዚህ የሚያገባን ላሜራው፣ ብየዳውና ሻንሲው ነው፤ በተለይም አንድ ቤተሰብ መኪናውን በገዛ ጋራዡ መፈታታት ከጀመረ በኋላ የደረሰበት ውሳኔ። ውሳኔው ቦዲውን እንዳለ መተው ነበር። አሮጌ መኪና በቤቱ ማደስ የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን በዚህ ጥያቄ ፊት ይቆማል። አብዛኛው ግን ጥያቄ መሆኑን እንኳ ሳያስተውል በብርጭቆ ወረቀት ፍቆት ያልፋል።

መኪኖቹን ለቀረጻ ያዘጋጀው ማክስ ባልቾውስኪ የተባለ የካሊፎርኒያ የውድድር መኪና መካኒክ ነው። ሙስታንግ ከፋብሪካ እንደወጣ ያን ሁሉ ዝላይ አይችልም፤ የፊት ሞላዎቹን የሚሸከሙት፣ ከሞተሩ ግራና ቀኝ የቆሙት የላሜራ ማማዎች ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ባልቾውስኪ ማማዎቹን አጠናከረ፤ ሞላዎቹን ጠንከር ባሉ ተካ፤ ኮኒ የተባለውን ሾክ አብዞርበር ገጠመ፤ ሞተሩንም ነካካው። ከፊት ፍርግርጉ ላይ ጌጣ ጌጡ ተነሣ፤ ቸርኬዎቹም ተቀየሩ። ለካሜራ መያዣ ሲባል ከሥር ብረት ተበየደ፤ ለቀረጻ መሣሪያዎች ሲባል የኋላ ዕቃ መጫኛው ተበሳ። ይህ ሁሉ ለጥቂት ሳምንት ቀረጻ የተሠራ ሥራ ስለነበር፣ የብየዳው ማማር ወይም የጠርዙ መለሳለስ ማንንም ያሳሰበ አይመስልም። 558 ለዝላይና ለከባዱ ሥራ ዋለ። 559 በአብዛኛው ማክዊን ራሱ ሲነዳ ለሚታይበት ቀረጻ ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ 558 ተጎሳቁሎ ስለነበር ለቁርጥራጭ ብረት እንደተሸጠ ይታመን ነበር። 559ን የስቱዲዮው ሠራተኛ ገዛው፤ ከእሱ ወደ አንድ የኒው ጀርሲ ፖሊስ መርማሪ ተላለፈ፤ መርማሪውም በ1974 «ሮድ ኤንድ ትራክ» በተባለው መጽሔት ላይ ለሽያጭ አወጣው። ማስታወቂያውን አይተው በ6,000 ዶላር የገዙት የኒው ጀርሲው ነዋሪ ሮበርት ኪርናን ናቸው። መኪናው የቤተሰብ መኪና ሆነ። ባለቤታቸው እያስተማሩ ወደነበሩበት ትምህርት ቤት ይመላለሱበት ነበር። ያን ያህል ስም ያለው መኪና የመምህርት መጓጓዣ ሆኖ መዋሉን እወድደዋለሁ፤ ቦዲውን ከመነካካት የጠበቀውም ምናልባት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የዕለት ተዕለት መኪናን ማንም ለማሳመር ብሎ አይፈታታም፤ ነገ ጠዋት ይፈለጋልና።

በዲሴምበር 1977 ማክዊን ራሱ ደብዳቤ ጻፈላቸው። መኪናውን መልሼ ማግኘት እፈልጋለሁ፣ ዋጋው የማይበዛ ከሆነ በምትኩ ሌላ ተመሳሳይ ሙስታንግ ልፈልግላችሁ፣ ካልሆነ ግን ነገሩን እንርሳው የሚል ነበር መልእክቱ። ቤተሰቡ አልሸጠለትም። በ1980 ፍሪሲዮኑ አለቀ፤ ቆጣሪው 65 ሺህ ማይል ገደማ ያነብ ነበር። መኪናው ቆመ። ማክዊንም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር አረፈ።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ከግዛት ወደ ግዛት ሲዘዋወር መኪናውም እንደ ቤት ዕቃ አብሮ እየተጫነ በመጨረሻ ቴኔሲ ደረሰ። በ2001 ፎርድ በዚያው ፊልም ስም አዲስ ሙስታንግ ለገበያ ሲያወጣ አባትና ልጅ ተነሣሡ፤ ሮበርትና ልጃቸው ሾን መኪናውን ለማደስ መፈታታት ጀመሩ። ግን አልገፉበትም። አባት በፓርኪንሰን ታመሙ፣ ልጁንም የራሱ ኑሮ ያዘው፣ ክፍሎቹም በየሣጥኑ ተቀመጡ።

ሥራው በዚያ ዓመት ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር መገመት አይከብድም፤ የተለመደው የቤት ውስጥ እድሳት ደንብ የታወቀ ነውና። ደረጃዎቹን እዚህ መከተል ይጠቅማል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ከዚህ መኪና ላይ ምን ያጠፋ እንደነበር ያሳያልና።

በመጀመሪያ የሙስታንግን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ ሸቭሮሌ ሸቬል ባሉ መኪኖች ሻንሲው ለብቻው የቆመ ነው፤ ብሎኖቹ ተፈትተው ቦዲው ከላዩ ይነሣል፤ ሁለቱም ለየብቻ ይታደሳሉ። ሙስታንግ ግን የተለየ ሻንሲ የለውም። ከፊት ሁለት ሣጥን መሰል ምሰሶዎች ሞተሩን ይይዛሉ፤ ከኋላም ሌሎች ሁለት አሉ፤ በመካከል ሸክሙን የሚያስተላልፉት ወለሉና በበሩ ሥር የሚያልፈው ውስጠ ባዶ ሣጥን ናቸው። ወለል መቁረጥ ማለት ሻንሲ መቁረጥ ማለት ነው። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት በሮቹ በሚገቡበት ክፍተት ውስጥ የብረት ቱቦ በስያፍ ይበየዳል፤ ቦዲው በሚሸከሙት ነጥቦቹ ላይ ተስተካክሎ ይቀመጣል፤ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ይለካል። ይህን የዘለለ ሰው አዲሱን ወለል አሳምሮ በይዶ ሲጨርስ በሩ አይዘጋለትም። ያኔ የተጣመመው በሩ አለመሆኑን ለመረዳት ጊዜ ይወስድበታል።

ዝገት በዚህ መኪና ላይ የሚጀምረው ሰው ከሚያየው ቦታ አይደለም። ከፊት መስታወቱ ሥር የአየር ማስገቢያ ክፍተቶች አሉ፤ የዝናብ ውሃ በእነሱ ገብቶ በተዘጋ የላሜራ ሣጥን ውስጥ ያልፍና በጎን በኩል ይወጣል። ቅጠልና አቧራ ሲጠራቀም ውሃው እዚያው ይተኛል፤ ሣጥኑን ከውስጥ በልቶ በአሽከርካሪውና በተሳፋሪው እግር ሥር ይንጠባጠባል። ምንጣፉ ውሃውን ይይዛል፣ ወለሉም ይበሰብሳል። ብዙ ሰው ወለሉን ይቀይርና ከላይ ያለውን ሣጥን ሳይከፍት ይተወዋል፤ አዲሱም ወለል በተራው ይበሰብሳል። ሣጥኑን ለመክፈት ደግሞ ከፋብሪካ የመጡትን የነጥብ ብየዳዎች አንድ በአንድ በመሰርሰሪያ መብሳት ግድ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አቋራጭ ግን የለውም።

አሁን ወደ 559 እንመለስ። የተለመደው እድሳት የሞተር ክፍሉን አጽድቶ የተሰነጠቀ ወይም የተለጠፈበትን ማማ በአዲስ ይተካል። በ559 ላይ ግን በማማዎቹ ላይ የተጨመረው ብረት የባልቾውስኪ ሥራ ነው። የተለመደው እድሳት በኋላ ዕቃ መጫኛው ወለል ላይ ቀዳዳ ሲያይ ላሜራ ቆርጦ ይደፍናል፤ ወለሉ ከተጎዳም ሙሉውን ያወጣዋል። የዚህ መኪና ቀዳዳ የቀረጻው ማስረጃ ነው። ከሥር የተበየደ ለምን እንደሆነ የማይታወቅ ብረት ሲገኝ ተሞርዶ ይነሣል፤ እዚህ ያለው ካሜራ የተሸከመ ብረት ነው።

ከሁሉ በላይ ቁጥሩ አለ። የመኪናው ሙሉ ቁጥር 8R02S125559 ነው። ስምንቱ የ1968 ሥሪት መሆኑን ይናገራል፤ አር ሳን ሆዜን፤ 02 ጣሪያው ወደ ኋላ ተዳፍቶ የሚወርደውን ቦዲ፤ ኤስ 390 ሞተሩን፤ የቀሩት ስድስት አኃዞች ተራውን። ይህ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ በመስታወት በኩል ይታያል፤ ይህ ግን ሊነቀል የሚችል ሳህን ነው። ዋናው ከፓራፋንጎው በስተውስጥ ባለው የሞተር ክፍል ግድግዳ ላሜራ ላይ በቀጥታ የተመታው ነው። ያ ግድግዳ ደግሞ በባትሪ አሲድና በጭቃ ቶሎ ከሚያረጁት ክፍሎች አንዱ ስለሆነ፣ አዲሱ በርካሽ ተገዝቶ አሮጌው ወደ ቁርጥራጭ መጣያ ይወረወራል። የወረወረው ሰው የመኪናውን ማንነት አብሮ ወረወረ። በብዙ አገር ሕግ ደግሞ ቁጥር ያለበትን ላሜራ ቆርጦ ሌላ ላይ መበየድ ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ያ ግድግዳ ቢበላ እንኳ የተበላውን ጥግ ብቻ ቆርጦ ማጣበቅ እንጂ ቁጥሩ ያለበትን ቁራጭ መንካት ተገቢ አይደለም።

ቀለሙም አለ። ቦዲውን እስከ ላሜራው መግፈፍ በቤት እድሳት ውስጥ እንደ ግዴታ ይቆጠራል። በአሸዋ ግፊት መግፈፍ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በኮፈንና በበር ዓይነት ሰፊና ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ በሙሉ ግፊት ከተለቀቀ ላሜራው ተለጥጦ ይንጋደዳል፤ ከዚያ ወዲያ መዶሻም አይመልሰውም፤ ስቱኮ ብቻ ነው የሚሸፍነው። በሙስታንግ ጣሪያና በኋላ ጎን መጋጠሚያ ላይ ፋብሪካው ያፈሰሰው እርሳስም አለ፤ ያንን ያለ ጭምብል የሚሞርድ ሰው መርዝ ይተነፍሳል። እነዚህ ለሁሉም ሙስታንግ የሚሠሩ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። ለ559 ግን የቀለም ጉዳይ ከዚህ ያልፋል። የደበዘዘው፣ የተጫጫረው ቀለም ተገፍፎ የሚያበራ አረንጓዴ ቢቀባ፣ መኪናው በአሜሪካ በብዛት ከሚሠሩት የፊልሙ አምሳያዎች በዓይን የሚለይበት ነገር ባልኖረው ነበር። አምሳያዎቹ ደግሞ ከእሱ ይልቅ ያማሩ ናቸው።

ሮበርት ኪርናን በ2014 አረፉ። ሾን ሥራውን ሲቀጥል የመረጠው መንገድ ለሜካኒክ ቀላል፣ ለቦዲ ሠራተኛ ግን እጅ የሚያሳክክ ነበር። መኪናው በሞተሩ እንዲሄድና እንዲቆም የሚያስፈልገውን አደሰ፤ የተፈታታውን መልሶ ገጠመ። ቦዲውን፣ ቀለሙን፣ ቀዳዳዎቹንና የተበየዱትን ብረቶች አልነካም። ይህን ለማድነቅ አንድ ሰው ቦዲ ሠርቶ ማየት አለበት። ሁሉም ነገር ተፈትቶ፣ ላሜራው ፊት ለፊት ተራቁቶ፣ መሣሪያው እጅህ ላይ እያለ፣ «እግረ መንገዴን ይህችን ብቻ ላስተካክል» የምትል ሐሳብ ትመጣለች። ብዙ መኪና ታሪኩን ያጣው በዚያች እግረ መንገድ ነው።

558 ደግሞ የነገሩን ሌላኛውን ገጽ ያሳያል። በ2017 መጀመሪያ ላይ ሜክሲኮ ውስጥ በባሃ ካሊፎርኒያ ልሳነ ምድር ላይ የተገኘ አንድ አሮጌ ሙስታንግ ወደ አንድ የመኪና ሠራተኛ ይደርሳል። ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ሞተርና ካምቢዮ የለውም። የመጀመሪያው ሐሳብ የሌላ ፊልም መኪና አምሳያ አድርጎ መሥራት ነበር፤ ማለትም የጎን ላሜራዎቹን መቀየር፣ አዲስ ፓራፋንጎ መግጠም፣ ማስዋብ። ከዚያ በፊት ቁጥሩን ሲያጣሩ በ558 የሚያበቃው ሆኖ ተገኘ።

ቁጥር ብቻውን አያሳምንም፤ ሳህን ሊቀየር ይችላል። ለማረጋገጥ የተጠራው የፎርድን የዚያን ዘመን የምርት መረጃ የያዘው ኬቨን ማርቲ ነው። ካመሳከራቸው ነገሮች መካከል የተጠናከሩት የፊት ማማዎችና በኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ለረዳት ገመዶች የተበሱት ቀዳዳዎች ነበሩ። ከአርባ ዓመት በላይ በባለቤቶቹ እጅ ሲዘዋወር አንድ ትጉህ የቦዲ ባለሙያ ቢያገኘው ኖሮ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው፣ ማማዎቹም ተተክተው ባገኘነው ነበር። ድህነትና ችላ መባል አዳኑት ብል አላጋነንኩም። ሞተሩን ግን አላዳኑትም፤ ቀለሙንም እንዲሁ። 559 ሙሉ ነው፤ 558 ደግሞ ሲገኝ አጽሙ ብቻ የቀረለት ነበር፤ እሱን መሥራት የግድ ነበር፤ ሲሠራም ከስንት ዓመተ ምሕረት ወደየትኛው ይመለስ የሚለው ጥያቄ አለ። ለቀረጻ የተዘጋጀበት ቀን? ከመጨረሻው ዝላይ በኋላ የተጎሳቆለበት? ነጩ ቀለም ራሱ የሜክሲኮ ሕይወቱ ምስክር አይደለምን? እኔ ብሆን ነጩን በአንድ ስፍራ፣ ለምሳሌ በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ፣ ሳልነካ እተውለት ነበር።

ከዚህ ሁሉ «አትንኩ» የሚል ሕግ ማውጣት ግን ስሕተት ነው፤ ይህን የምለው የሁለቱ መኪኖች ታሪክ ከተሰማ ወዲህ ዝገትን «ታሪክ» እያሉ የሚጠሩ ሰዎች ስለበዙ ነው። ዝገት ሸክም የሚይዝ ክፍል ላይ ሲደርስ ታሪክነቱ ያበቃል። የፊት ምሰሶ በመዶሻ ጫፍ ሲነካ ድምፁ ካልጠራ፣ የኋላው ባሌስትራ የሚታሰርበት ቦታ ከተሸረፈ፣ በበሩ ሥር ያለው ሣጥን በጣት ከተበሳ፣ ያ መኪና ለመንገድ አይሆንም፤ የማንም ይሁን የማን። ያኔ ይቆረጣል፤ ጤናማ ላሜራ እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል። አዲሱ ላሜራ ውፍረቱ ከነባሩ ጋር የሚስማማ ይሁን፤ የሚደራረቡት ገጾች ብየዳ በሚችል የዚንክ ቀለም ይቀቡ፤ ብየዳው ደግሞ በአንድ መስመር ሳይወርድ እዚህ ነጥብ፣ እዚያ ነጥብ እየተዘዋወረ ይሠራ፤ ስስ ላሜራ ሙቀት ሲጠራቀምበት ይኮማተራልና። የተዘጉ ሣጥኖች ውስጥ በመጨረሻ ሰም መሰል መከላከያ በረዥም ቱቦ ይረጫል። ይህን የመጨረሻውን የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፤ ከውጭ ስለማይታይ።

ከመቁረጥ በፊት ግን ፎቶ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሥር፣ ከሩቅና ከቅርብ፤ መለኪያ ሜትር አጠገቡ ተቀምጦ። የተቆረጠውም ላሜራ ስም ተጽፎበት ሥራው እስኪያልቅ ይቀመጥ። የፊልም መኪና መሆን አይጠበቅበትም፤ የነጥብ ብየዳዎቹ ርቀት፣ የፋብሪካው የመሙያ ሙጫ የት የት እንደተቀባ፣ ከምንጣፉ ሥር የቀረው የመጀመሪያ ቀለም፣ እነዚህ አንዴ ከጠፉ ከየትም አይገዙም። ላሜራው ራሱ ግን ይገዛል። ዛሬ ለ1967ና ለ1968 ሙስታንግ ሙሉውን ቦዲ በፎርድ ፈቃድ አዲስ አድርጎ የሚሸጥ ድርጅት አለ። ለበሰበሰ መኪና ባለቤት ይህ ትልቅ ማቃለያ ነው፤ በሥራውም በገንዘቡም ከአሮጌው ቦዲ ጋር ዓመታት ከመታገል ይሻል ይሆናል። በአዲሱ ቦዲ ላይ የአሮጌውን ቁጥር ለመለጠፍ የሚከጅል ሰው ግን ከእድሳት ወደ ማጭበርበር ተሻግሯል።

559 በጃንዋሪ 2018፣ ፊልሙ ሃምሳ ዓመት በሚሞላበት ዓመት፣ በዲትሮይት የመኪና ትርኢት ላይ ከፎርድ አዲስ ሙስታንግ ጎን በአደባባይ ታየ። አዲሱ አዳራሹን በሚያንጸባርቅ ቀለም ቆሟል፤ አሮጌው ከነአቧራው ነው። ሰዉ የከበበው አሮጌውን ነበር። በአሜሪካ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ብሔራዊ መዝገብም ገባ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ አካባቢ ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ባለው ሰፊ መናፈሻ ላይ በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ ስለነበር፣ በከተማዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ምናልባት አጠገቡ አልፈው ይሆናል። መስታወቱ የተሠራው ለዚያ ለደበዘዘ ላሜራ መሆኑ ለቦዲ ሠራተኛ ትንሽ የሚያስቅ ነገር አለው።

ቤተሰቡ በመጨረሻ ለመሸጥ ወሰነ። ጃንዋሪ 10 ቀን 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ ኪሲሚ ከተማ ለጨረታ ቀረበ። መዶሻው 3.4 ሚሊዮን ዶላር ላይ ወደቀ፤ የአጫራቹ ክፍያ ሲታከል 3.74 ሚሊዮን ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለአንድ ሙስታንግ ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም ነበር። ገዢው ስሙ እንዲገለጽ አልፈለገም።